ውዝዋዜን የሚሠራው ማነው? (የአንድ ጀማሪ ተማሪ ትዝብት)

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል ያገሬ ሰው። እኔም አርባ አምስተኛ ዓመቴን ካለፍኩ፣ በመዋቅር ምህንድስና ማስተርሴን ይዤ ለሃያ ዓመት ያህል የድልድይ ሸክም ሳሰላ ከኖርኩ በኋላ፣ እዚሁ ሜሪላንድ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። የተመዘገብኩት ለኮምፒውተር ወይም ለቤት ሽያጭ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ ወዳጆቼ «ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» ባሉኝ ነበር። እኔ ግን የተመዘገብኩት ለኮሬዎግራፊ መግቢያ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ዘመን ጓደኛዬ ይህን በስልክ ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «ሚስትህ ታውቃለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ታውቃለች። እንዲያውም የመመዝገቢያውን ገንዘብ የከፈለችው እሷ ናት፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ዳንሰኛ ሆንኩ ለማለት አይደለም። ጉልበቴም ይሉኝታዬም አይፈቅድልኝም። የማቀርበው በአሥራ አምስት ሳምንት ትምህርት ውስጥ የገባኝ ነገር ስላለና፣ ያ ነገር ስለ ባህል በምንከራከርባቸው መድረኮች ላይ ሲነሳ ሰምቼ ስለማላውቅ ነው። ስለ ባህል ስንጽፍ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ታሪክና ስለ ባንዲራ ብዙ እንላለን። ስለ ትከሻ ግን አንልም።

በመጀመሪያ ቃሉን እንፍታ። ኮሬዎግራፊ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጣጠመ ሲሆን «የጭፈራ ጽሕፈት» እንደማለት ነው። ፈረንሳዊው የዳንስ መምህር ራውል ኦዤ ፈዬ እ.ኤ.አ. በ1700 ፓሪስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ቃሉን የተጠቀመበት በቀጥታ በዚሁ ትርጉም ነበር፤ የእግርን ርምጃ እንደ ዜማ ምልክት በወረቀት ላይ ማስፈር። ዛሬ ግን ቃሉ የሚያመለክተው ጽሕፈቱን ሳይሆን ድርሰቱን ነው፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ጉልበት እንደሚንቀሳቀስ መወሰንን። እኛስ ምን እንለዋለን? ውዝዋዜ፣ ጭፈራ፣ እስክስታ፣ ሽብሸባ፣ ዝማሜ የሚሉ ቃላት አሉን። በግእዝማ «ዘፈነ» ማለት ራሱ ጨፈረ ማለት ነበር፤ ዛሬ ዘፈን ስንል ድምፁን አስቀርተን አካሉን ጥለነዋል። የማድረጊያ ቃል ሞልቶናል፣ የመድረሻ ቃል ግን የለንም። ግጥም ይደረሳል፣ ዜማ ይደረሳል፣ ቴአትር ይደረሳል፤ እስክስታ ግን ይወረዳል ወይም ይመታል እንጂ ተደረሰ ሲባል አልሰማሁም። እኔ በዚህ ጽሑፍ «የውዝዋዜ ድርሰት» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ የተሻለ ቃል ያለው ይወርውርልኝ።

ነገሩ የተጀመረው በልጄ ነው። በአካባቢያችን ባለው የኮሚዩኒቲ ማኅበር የእንቁጣጣሽ በዓል ላይ ልጆቻችን በየዓመቱ ውዝዋዜ ያቀርባሉ። እኔ «ኢንጂነር» ስለሆንኩ የድምፅ ማጉያው ሥራ የእኔ ነው (ድልድይ የሚሠራ ሰው ስለ ድምፅ ማጉያ ምን ያውቃል ብሎ የጠየቀ እስከ ዛሬ አልተገኘም)። ዝግጅቱን አንባቢ ሳያየው ሊገምተው ይችላል። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ከጎጃም ተነስተን፣ በትግራይ አልፈን፣ ወለጋንና ሐረርን ነክተን፣ ጉራጌ ላይ ላባችንን አፍስሰን ወላይታ ላይ እናበቃለን። ዘፈኑ ሲቀየር ልጆቹ ሻርፓቸውን ይቀይራሉ። ወላጅ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ልጄ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ስትሠራው ኖራ፣ አሥራ አምስት ሲሞላት «ከእንግዲህ አልሠራም» አለች። እኔም እንደ አባት ተቆጣሁ።

«ባህልሽን ጠላሽ ማለት ነው?»

«አልጠላሁም። ግን አባዬ፣ ይሄን የሠራው ማነው? ለምን ስምንት ጊዜ? ሴቶቹ ለምን ሁልጊዜ በግራ?»

«ባህል ነዋ! ማንም አልሠራውም።»

«ማንም ካልሠራው ሁላችንም እንዴት እኩል እንዞራለን?»

ወገኖቼ፣ ይህ የምህንድስና ጥያቄ ነው። እኔ አንድ ድልድይ ስመረምር መጀመሪያ የምፈልገው ንድፉን፣ በንድፉም ላይ የነዳፊውን ማኅተምና ፊርማ ነው። «ይህን ድልድይ ማንም አልነደፈውም፣ የአካባቢው ባህል ነው» ብሎ የሚመልስልኝ ቢኖር መንገዱን አዘጋዋለሁ። ለገዛ ልጄ የሰጠሁት መልስ ግን ይኸው ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል እየተኮራረፍን ከረምን። በመጨረሻ ባለቤቴ ሰልችቷት የኮሌጁን የትምህርት ዝርዝር ፊቴ ላይ አስቀመጠችና «እኔ እከፍላለሁ፤ ሂድና ተምረህ መልስላት» አለች።

በመጀመሪያው ማታ አሥራ አራት ተማሪዎች ነበርን። አሥራ ሦስቱ ከሃያ አምስት ዓመት በታች ናቸው። ጫማ አውልቁ ተባልን። ካልሲዬ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። መምህሯ ጠጉሯ ገብስማ የሆነ፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። «እዚህ ዳንስ አላስተምራችሁም፤ ዳንስ እንድትሠሩ ነው የማስተምራችሁ» አለችና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እንድንራመድ አዘዘችን። በቃ መራመድ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ አለች፤ ፍጥነቱን። ቀጥሎ አቅጣጫውን። ቀጥሎ ከፍታውን፣ ማለትም ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወለል ላይ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አሥራ አራት ሰው ከመራመድ በቀር ምንም ሳያደርግ ክፍሉ የሚታይ ነገር ሞላበት። አንዲት ልጅ ሁሉም ሲሮጥ እሷ ቆማ ቀረች፤ ዓይናችን ሁሉ እሷ ላይ ሆነ። ትምህርቱ ገብቶኛል ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ማስታወሻ «የቆመ ሰው ከሚሮጡት ይበልጥ ይታያል፣ የሚሮጡት እስካሉ ድረስ» የሚል ነው።

የመሣሪያዎቹ ስም አካል፣ ቦታ፣ ጊዜና ጉልበት ነው። ሦስቱ ግልጽ ናቸው። ጉልበት የሚለው ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ሩዶልፍ ላባን (1879-1958) የሚባለው በኦስትሮ-ሀንጋሪ ግዛት የተወለደ የእንቅስቃሴ ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ይፋ ካደረገው የዳንስ መጻፊያ ሥርዓት በተጨማሪ፣ ወደ እንግሊዝ ከተሰደደ በኋላ በፋብሪካ ሠራተኞች እንቅስቃሴ ላይ ጥናት አድርጎ፣ ኤፍ ሲ ሎውረንስ ከሚባል የኢንዱስትሪ አማካሪ ጋር በ1947 መጽሐፍ አሳትሟል። ላባን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሦስት ጥያቄ ይፈትሸዋል። ክብደቱ ብርቱ ነው ወይስ ቀላል? ጊዜው ድንገተኛ ነው ወይስ የሚዘገይ? አቅጣጫው ቀጥተኛ ነው ወይስ ጠምዛዛ? ሁለት በሁለት በሁለት ሲባዛ ስምንት ነው፤ ስምንት መሠረታዊ የጉልበት ዓይነቶች ይወጣሉ። ይህን ሰሌዳ ላይ ሳይ የእናት አገር ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ላባን መድረክ ላይ ብቻ አልተመለከተም፤ ሥራ ላይም ነው። እኛም ቤት ሞልቷል። ቡና ስትወቀጥ ብርቱ፣ ድንገተኛ፣ ቀጥተኛ ነው። ልብስ ታጥቦ ሲጨመቅ ብርቱ፣ ዘገምተኛ፣ ጠምዛዛ ነው። የእንጀራ ሊጥ ምጣድ ላይ ከዳር ወደ መሐል ሲዞር ደግሞ ቀላል፣ የሚዘገይ፣ ጠምዛዛ ነው። የእስክስታ ትከሻ በእኔ ግምት ቀላል፣ ድንገተኛና ቀጥተኛ ነው፤ የጉራጌው እግር ግን ብርቱ ነው። ልጆቻችን የሰባቱን ደቂቃ ጉዞ ሲጓዙ ሻርፑ ይቀየራል እንጂ ጉልበቱ አይቀየርም፤ ሁሉንም በአንድ ክብደት ነው የሚመቱት። ዝግጅቱ ሁልጊዜ ለምን አንድ ዓይነት እንደሚመስለኝ የገባኝ ያን ማታ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያው የቤት ሥራ መጣ። አሥራ ስድስት ምት የሚፈጅ ድርሰት፣ ያለ ሙዚቃ፣ ከዚህ በፊት የምናውቀውን ርምጃ ሳንጠቀም። እኔ ጋራዥ ገብቼ አራት ማታ ለፋሁ። ያቀረብኩት ነገር ሃያ ሰባት እንቅስቃሴ ነበረው፤ ቆጥሬዋለሁ። እጅ ወደ ላይ፣ ዙር፣ ቁጭ ብድግ፣ አንገት፣ ክንድ፣ እንደገና ዙር። በመሐል ትከሻዬ ሳላስበው ወደ እስክስታው ሲሄድ ራሴን ያዝኩት። ስጨርስ መምህሯ አላመሰገነችኝም፣ አልነቀፈችኝምም። «ከዚህ ውስጥ አንድ ብቻ እንድናስታውስልህ ብትመርጥ የትኛውን ትመርጣለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ ራሴ አንዱንም አላስታወስኩትም።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ጉዳይ ያለው። የውዝዋዜ ድርሰት የሚጀምረው ከብዙ እንቅስቃሴ ሳይሆን ከአንድ ነው። ያችን አንዷን ሞቲፍ ይሏታል፤ ዘር እንበላት። ዘሯ ትንሽ፣ ግልጽና ደግመው ሲያይዋት የምትታወቅ መሆን አለባት። ድርሰቱ ከእሷ ይበቅላል።

የእኔ ዘር ከየት እንደመጣች ልንገራችሁ። አባቴ የመጨረሻዎቹን ወራት አዲስ አበባ አልጋ ላይ ሆኖ በስልክ መስኮት ነበር የምናየው። አንድ እሑድ እያነጋገርኩት ሳለ ታላቅ ወንድሙ ወደ ክፍሉ ገባ። አባቴ እንደ ልማዱ «ኖር» ለማለት ከአልጋው ብድግ ለማለት ሞከረ። ግማሽ መንገድ ደረሰ። ክርኑ ትራሱ ላይ፣ አንገቱ ወደ በሩ፣ ግራ ትከሻው ከፍ እንዳለ እዚያው ቀረ፤ አጎቴም «በእግዜር፣ በእግዜር» እያለ ሮጦ አስተኛው። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። አገራችን ሬሳ አይጠብቅም፣ አውሮፕላን ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው፤ ይህ በዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች መካከል የብዙው ሰው ታሪክ ስለሆነ አላስረዝመውም። መምህሯ «አንድ ምረጥ» ስትለኝ ከሃያ ሰባቱ ውስጥ ያላገኘሁትን፣ ቤት ሄጄ ወንበር ላይ ስቀመጥ አገኘሁት። ግማሽ ላይ የቀረ ብድግ ማለት።

ከዘሯ እንዴት ይበቀላል? መሣሪያዎቹ ለማንም የተሰወሩ አይደሉም፤ ዜማ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል። ያንኑ እንቅስቃሴ እጅግ አዘግይቶ መሥራት፤ አባቴ በሁለት ሰከንድ የሞከረውን እኔ በሠላሳ ሰከንድ ስሞክረው ጭኔ ተንቀጠቀጠ፣ መንቀጥቀጡም ራሱ የድርሰቱ አካል ሆነ። አሳንሶ መሥራት፤ ብድግ የሚለው ትከሻ ብቻ ቢሆንስ? አገላብጦ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መሥራት፤ ብድግ ማለት ተገልብጦ ሲሠራ መቀመጥ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር፣ ነገር ግን ሰው ሲቀመጥ ክብደቱን ይለቃል፣ ተገልብጦ የተሠራው ብድግታ ግን ክብደቱን እንደያዘ ይወርዳል፣ ስለዚህ ፍጹም ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ወደ ሌላ አካል ማዛወር፤ እጅ ብቻ ብድግ ይላል። አንዱን ክፍል መቁረጥ። ለሁለት ለሦስት ሰው አካፍሎ አንዱ ሲጀምር ሌላው በሁለት ምት ዘግይቶ እንዲከተል ማድረግ፤ ይህን ካኖን ይሉታል፣ በሙዚቃም በዳንስም አንድ ስም ነው። ሦስት ወንበር ላይ ሦስት ሰው በተራ ግማሽ ብድግ ሲል፣ የማይታይ አንድ ሽማግሌ በፊታቸው የሚያልፍ ይመስላል። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከመሣሪያው ነው የወጣው።

አሁን ወደ ልጅነቴ ልመለስ፣ ምክንያቱም ይህን ሁሉ ስማር «ይህን የት ነው የማውቀው?» የሚል ስሜት አልለቀቀኝም ነበር። በዓል ሲሆን አያቴ እጄን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ስትወስደኝ መዘምራኑ ቀኝና ግራ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ እየመሩ። አንድ ቃል ይነሳል። መጀመሪያ ያለ ከበሮ ያለ ጸናጽል በቁም ይዜማል። ቀጥሎ ያው ቃል በመቋሚያ ይዘመማል፣ አካል ወዲያና ወዲህ እያለ። ቀጥሎ ከበሮና ጸናጽል ይገቡበትና በመረግድ ዝግ ብሎ ይሄዳል። እየፈጠነ እየፈጠነ ጽፋት ላይ ሲደርስ ጭብጨባው ይቀልጣል። ቃሉ አልተለወጠም፤ ፍጥነቱ፣ ክብደቱ፣ መሣሪያውና ያለበት የአካል ክፍል ነው የተለወጠው። ይህ የኮሌጁ መምህር በአምስተኛው ሳምንት ሰሌዳ ላይ የጻፈችው ነገር ነው። የአቋቋም ትምህርት ደግሞ በዘልማድ የሚለቀም አይደለም፤ ጎንደር በዓታ ሄዶ ዓመታት ፈጅቶ፣ ተፈትኖ የሚመረቁበት ትምህርት ነው። ማለትም አገራችን ውስጥ እንቅስቃሴን በሥርዓት የሚያቀናብር፣ ስም ያለው፣ መምህር ያለው ዕውቀት ነበረ፣ አለም። እኛ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባነው ሰዎች ነን ያላየነው። (የቅኔውን ሰምና ወርቅ እንዲሁ ዘግይተን እንዳገኘነው ማለት ነው፤ ፈረንጅ ሲጽፍበት።)

ስለ ቦታ ትንሽ ልበል። አሜሪካዊቷ ዶሪስ ሀምፍሪ ስለ ዳንስ ድርሰት የጻፈችው መጽሐፍ የታተመው በሞተች በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ እስከ ዛሬ ጀማሪ ተማሪ ይማርበታል። ሀምፍሪ እንደ መሐንዲስ ነው የምታስበው። የዳንስ ዘዴዋ ራሱ በመውደቅና ከመውደቅ በመመለስ መካከል ባለው ሁኔታ ላይ የቆመ ነው፤ እኛ ሚዛን የምንለው ነገር። መድረክን ደግሞ እኩል ጠፍጣፋ ሜዳ አድርጋ አታየውም፤ መሐሉ ብርቱ ነው፣ ከኋላ ጥግ ወደ ፊት ጥግ የሚመጣ ሰያፍ መስመር ብርቱ ነው፣ ሌላው ይደክማል። ሁለት ወገን እኩል የሆነ አሰላለፍ ያረጋጋል፣ ያልተመጣጠነ ደግሞ ያነቃቃል ትላለች፤ እኩልነቱ ሲበዛ ድርሰቱን ይገድለዋል ባይም ናት። ዳንስ ሁሉ ከሚገባው በላይ ይረዝማል የሚለውንም አጥብቃ ትመክራለች፤ የእኔ አምስት ደቂቃ ወደ ሦስት የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ መነጽር የልጆቻችንን ዝግጅት ሳየው ወንድ በቀኝ ሴት በግራ፣ ፊት ለፊት፣ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሚዛኑ አንድም ጊዜ አይናጋም። ድልድይ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ግን ይህ አሰላለፍ ከየት መጣ? ከገጠር አልመጣም። የትግራይ ጭፈራ ክብ ነው፤ ከበሮው መሐል ወይም ክቡ ውስጥ ሆኖ ሰው ዙሪያውን ይዞራል፣ ክብ ደግሞ ፊትና ጀርባ የለውም። በሠርግ ቤት ተመልካችና ጨፋሪ በአንድ ጭብጨባ የተሳሰሩ ናቸው፤ ሁለት ሰው መሐል ይገባል፣ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። ይህ ክብ ተከፍቶ በአንድ ወገን ወደተቀመጠ ተመልካች እንዲዞር ያስገደደው መድረኩ ነው። አገር ፍቅር ቴአትር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ቤቶች የየብሔረሰቡ ጭፈራ ለመድረክ ሲዘጋጅ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስንት ረድፍ፣ ማን በየት ይግባ፣ ስንት ጊዜ ይደገም፣ በምን ይለቅ ብሎ ወስኗል። ያ ሰው ደራሲ ነው። የዘፋኙን ስም እናውቃለን፣ የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ በካሴቱ ጀርባ ላይ እናነባለን፣ የእሱን ግን ማን ጠይቆ ያውቃል? ሃንጋሪያዊው ጂዮርጂ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ኢትዮጵያ የጭፈራ ዓይነቶች ጽፏል፤ ቲቦር ቫዳሲም ከ1970 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ተከታታይ ጽሑፎች አቅርቧል። እነሱ የሕዝቡን ጭፈራ መዝግበውልናል። የመድረኩን ደራሲዎች መመዝገብ ግን የእኛ ዕዳ ነው፤ በሕይወት ያሉት ደግሞ እያረጁ ነው። ለልጄ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይኸው ነው፤ «ሰው ነው የሠራው። ስሙን አልጻፍንለትም።»

አዲስ ድርሰትስ ይቻላል ወይ ለሚል፣ አገር ቤት ያሉት ቀድመውናል። እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ መጥቶ ከጎዳና ልጆች ጋር የካርል ኦርፍን ካርሚና ቡራና በዳንስ ሠራ፤ ከዚያ ሥራ አዱኛ የሚባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። ከልጆቹ አንዱ የነበረው ጁናይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 ከጃፓናዊው ደራሲ ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር በአማካሪነት እንዲሠራ ለዓለም አቀፍ ዕድል ተመርጧል። እኛ እዚህ ማዶ ሆነን ሻርፕ ስንቀይር ማለት ነው።

ከሙዚቃው ጋር ያለኝን ጣጣ ባጭሩ ልለፈው። እነሱ ሁሉን ነገር በስምንት ይቆጥራሉ፤ የእኔ ጆሮ ግን በችክችካ ያደገ ስለሆነ ስድስት ላይ ያርፋል፣ ስለዚህ ግማሹን ወቅት ከክፍሉ ሁሉ ሁለት ምት ቀድሜ ስጨርስ ኖርኩ። ከዚህ ያዳነኝ የመርስ ከኒንግሃም (1919-2009) ዘዴ ነው። ከኒንግሃም ከሙዚቀኛው ጆን ኬጅ ጋር ሲሠራ ዳንሱና ሙዚቃው ተለያይተው ተሠርተው መድረክ ላይ ነበር የሚገናኙት፤ ከ1951 ጀምሮም የእንቅስቃሴዎቹን ቅደም ተከተል ሳንቲም በመወርወር ይወስን ነበር። እኛም ዛር ወርውረን እንድንሠራ ታዘዝን። መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ነገር ግን ዛሩ ያዘዘኝን አቅጣጫ ለመፈጸም ስታገል፣ እስካሁን «በነጻነት» የመረጥኩት ሁሉ ወደ ቀኝ የሚዞር እንደነበር አስተዋልኩ። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ወደ ቀኝ ብቻ ስዞር ኖሬያለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ይመስለኛል። ሥራ ስናቀርብ አስተያየት የምንሰጥበት ሥርዓት ነበረን። ሥርዓቱን ያወጣችው ሊዝ ለርማን የምትባል፣ እዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ በ1976 የዳንስ ቡድን የመሠረተች ደራሲ ናት፤ ሥርዓቱን የቀመረችው በ1990 ነው። አራት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ተመልካቾች በሥራው ውስጥ ትርጉም የሰጣቸውን፣ የነካቸውን ይናገራሉ። ቀጥሎ ደራሲው ራሱ ይጠይቃል። ሦስተኛ ተመልካቾች ይጠይቃሉ፣ ነገር ግን ጥያቄው በውስጡ ፍርድ የተደበቀበት መሆን የለበትም። አራተኛ፣ «ስለዚህ ነገር አስተያየት አለኝ፣ ልናገር?» ብለው ያስፈቅዳሉ፤ ደራሲው አይሆንም ማለት ይችላል። እኔ የመጣሁት ግምገማ የሚለውን ቃል ሲሰማ ሆዱ ከሚጨማደድ ትውልድ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ አፌ እንዴት እንደታሰረ አልነግራችሁም። «ለምንድን ነው እንዲህ የረዘመው?» ስል መምህሯ ከለከለችኝ። ከብዙ ጭንቀት በኋላ «ስለ ርዝመቱ ስትወስን ምን እያሰብክ ነበር?» ማለት ተማርኩ። ይሞክሩት፣ ቀላል እንዳይመስልዎ። ስብሰባዎቻችን ላይ እስከ ሁለተኛው ደረጃ እንኳ ብንደርስ ስንት ማኅበር ሳይፈርስ በቀረ ነበር።

በታኅሣሥ የመጨረሻው ምሽት የሦስት ወንበሩን ድርሰት ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር አቀረብን። ባለቤቴና ልጄ መጡ። በግማሽ ብድግታው ላይ እግሬ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ቦታም ካኖኑን ቀድሜ ገባሁ። የጥያቄው ተራ ሲደርስ ልጄ እጇን አወጣች። «መጨረሻ ላይ ሦስታችሁም ግማሽ ላይ ስትቀሩ፣ ማንን ነው የምታዩት?» አለች። አያቷ መሆኑን አልነገርኳትም ነበር። መልስ ጀመርኩና አልጨረስኩትም፤ መምህሯ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች።

ከዚያ በኋላ ለማኅበሩ ኮሚቴ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። የሰባቱ ደቂቃ ጉዞ ይቅር አላልኩም፤ ከእሱ ቀጥሎ ልጆቹ ራሳቸው የሠሩት ሦስት ደቂቃ ይጨመር፣ የሠሩት ልጆች ስምም በፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ ነው ያልኩት። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። «ባህላችንን ልትለውጡ ነው» የሚለው ወገን መሠረት የለውም አልልም። የተሰደደ ሰው ያለውን እንዳይበተን አጥብቆ መያዙ ያስኬዳል፤ እናቶቻችን ያንን ሰባት ደቂቃ ሲያዩ የሚያለቅሱት በከንቱ አይደለም። አንድ አባት «ኢንጂነር፣ እርስዎ ድምፅ ማጉያውን ቢይዙ አይሻልም?» አሉኝ። በሦስት ድምፅ ብልጫ ተፈቀደልን።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ልጄ ከአራት ጓደኞቿ ጋር ሠራችው። ምን እንደሆነ ሳትነግረኝ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ሙዚቃው ሁለት ደቂቃ ከአርባ ላይ በአንድ ጊዜ ይጥፋ፣ ቀስ እያለ ሳይሆን በአንድ ጊዜ። አጠፋሁት። ልጆቹ ግን አላቆሙም። ክብ ሠርተው፣ ጀርባቸውን ለተመልካች ሰጥተው፣ ትከሻቸው መምታቱን ቀጠለ፤ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ትንፋሻቸውና እግራቸው ብቻ ነበር። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ እየሮጠ መጣና «ኤሌክትሪክ ሄደ እንዴ?» አለኝ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል። ምንም እንዳልነካሁ ለማሳየት ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። በዚህ መሐል ከኋላ ረድፍ አንዲት አሮጊት እናት ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ሙዚቃ የጠፋባቸውን ልጆች ለመርዳት። አጠገባቸው ያለው ተከተለ። በአምስት ሰከንድ ውስጥ አዳራሹ በሙሉ ምቱን ያዘ፣ እልልታም ተጨመረበት፣ ልጆቹም ሳይወዱ በግድ ከጭብጨባው ጋር ሄዱ። ልጄ ጸጥታው እስከ መጨረሻው እንዲቆይ ነበር ያቀደችው።

መኪና ውስጥ አኩርፋ ተቀመጠች። «አበላሹት» አለች። እኔ ከሁሉ የወደድኩት ያንን እንደሆነ ልነግራት አስቤ፣ አስተያየት ለመስጠት ገና እንዳላስፈቀድኩ ትዝ አለኝ። ቤት ልንደርስ ስንል ራሷ ጀመረች። ለሚቀጥለው ዓመት ሰዎቹ እንዳያጨበጭቡ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይሻል እንደሆነ፣ ወይስ ጭብጨባውን ቆጥሮ ድርሰቱ ውስጥ ማስገባት። እስካሁን አልወሰነችም።